ስለ አጎቴ የዋሸሁት ግጥም

አጎቴ ሰው አልገደሉም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው፣ ገድለዋል ብዬ አገሩን ያሳመንኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጢማቸው ገና ሳያቀመቅም ውትድርና ገብተው፣ ፀጉራቸው ሸብቶ ነው በሃምሳ አለቃነት ጡረታ የወጡት። በመካከሉ ያለውን ዕድሜያቸውን በሙሉ በአንድ ሥራ አሳለፉት፤ የውሃ ቦቴ ሾፌር ነበሩ። ጦሩ በሰፈረበት ሁሉ ከወንዝም ከጉድጓድም ቀድተው ምሽግ ድረስ ውሃ ያደርሳሉ። መኪናው ሲያረጅ በሌላ ይተካል፤ እሳቸው ግን አይተኩም።

ልጅ ሳለሁ ይህን አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው በዓመት አንዴ፣ ያውም ከተሳካ፣ ለዕረፍት የሚመጡትን ሰው ነው። ቤታችን ከመሐል ሜዳ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ከደብረ ብርሃን ከሚመጣው አውቶቡስ ወርደው፣ ሻንጣቸውን በትከሻቸው አንግተው፣ ብርዱ ፊታቸውን እያቀላው ዳገቱን ሲወጡ ከሩቅ እናያቸዋለን። የሚቸኩሉ አይመስሉም፤ ግን አብሯቸው የሚሄድ ሰው ሁሉ ኋላ ይቀራል። ግቢ ሲደርሱ መጀመሪያ እናቴን፣ ቀጥሎ በጎቹን፣ በመጨረሻ እኛን ይስማሉ።

"ወንድም ጋሼ፣ በረሃ ለበረሃ ስትዞር አእምሮህን ጣልከው እንዴ?" ትላቸዋለች እናቴ። "እህትህን ስመህ ሳታበቃ በግ ትስማለህ?"

"በጎቹ እንዳንቺ አይጨቀጭቁማ" ይሏታል።

ሰው የማጤን ልማድ ስለነበረብኝ ከሥራቸው አይኔን አልነቅልም። የተኙበትን ባና ጠዋት ሲያጥፉት ማዕዘኑ ሁሉ እኩል ሆኖ፣ መደብ ላይ የተቀመጠ ትልቅ መጽሐፍ ይመስላል። ፊታቸውን፣ አንገታቸውንና እግራቸውን በአንድ ጣሳ ውሃ ታጥበው፣ ትንሽ አስተርፈው ጎመኑ ላይ ያፈሳሉ። ምንጩ ከደጃችን እልፍ ሲሉ ነው፤ ውሃ ቸግሮን አያውቅም። ጎተራውን በጣታቸው አንኳኩተው ገብሱ የት ድረስ እንደቀረ ይናገራሉ፤ እናቴ ክዳኑን ከፍታ ስታይ ካሉት ስንዝር አያልፍም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላው ሁሉ ሳይጠጣ አለመጠጣታቸው ነበር። አንድ እሁድ ሰንበቴ ላይ፣ ባለተራዋ ሴትዮ ጠላ ቢቀዱላቸው ጣሳውን ሳይቀምሱ ያዙት። ሴትዮዋ ጠብቀው ጠብቀው ተናደዱ።

"ምነው ሃምሳ አለቃ፣ ጠላዬ መርዝ አለው እንዴ? በሰው ሞክረው ነው የሚጠጡት?"

"ኧረ እንዳያልቅ ሰግቼ ነው።"

"ሁለት ጋን ሙሉ አለ!"

"እሱንማ አይቻለሁ" አሉ አጎቴ፤ አሁንም አልጠጡም። በር ላይ የቆመው የመጨረሻው ለማኝ ተቀድቶለት ሲጎነጭ ካዩ በኋላ ነው ጣሳቸውን ያነሡት። ሰዉ ኩራት ነው አለ። እኔ ደግሞ የጀግና ወግ ይሆናል ብዬ ገመትኩ።

በዚያው ዘመን ግጥም ያዘኝ። ያስተማረኝ የለም፤ ቅኔ ቤት አልገባሁ፣ መጽሐፍ በወጉ አላገኘሁ። መሐል ሜዳ ስማር፣ ከሒሳብ ደብተሬ ጀርባ የተጀመረው ግጥም ከፊት ከተጀመረው ሒሳብ ጋር መሐል ላይ ይገናኝ ነበር። አጎቴ ጡረታ ወጥተው ጠቅልለው ሲመጡ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ በግ አሳርዳ ጎረቤቱን ጠራች። ሰዉ በልቶ ሞቅ ሲለው እኔ ደብተሬን ይዤ ተነሣሁ። ግጥሙ ረጅም ነበር፤ ሰዉ የያዘው ግን እነዚህን ሁለት ስንኞች ነው፦

ጠላት እንደ ገብስ አጭዶ የከመረ፣
የመንዝ ልጅ እሱ ነው ሞትን ያሳፈረ።

ቤቱ ተናወጠ። አንዱ ተነሥቶ ፎከረ። ሌላው ዱላውን ሽቅብ ሲሰብቅ ከጣሪያው ጥላሸት አራግፎ ወጡ ውስጥ ጨመረብን። "ድገመው! ድገመው!" አሉኝ፤ ደገምኩት። አጎቴ ያልቀመሱትን ጣሳ ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡና ወደ ውጭ ወጡ።

"ወንድም ጋሼን ደስታው አሸንፎት ነው" አለች እናቴ አይኗን እየጠረገች። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ለጡረታ ወረቀታቸው መሐል ሜዳ መውረድ ነበረባቸው። "ገጣሚው፣ ተነሥ አብረን እንሂድ" አሉኝ። እስከ ግማሽ መንገድ ስለ በግና ስለ ውርጭ ብቻ አወሩኝ። ከዚያ ድንገት፣

"ያ ትናንት ግጥምህ ውስጥ የነበረው ሰውዬ ማን ነው?" አሉ።

"እርስዎ ነዎታ፣ ጋሼ።"

"እኔ አላውቀውም። እስቲ አስተዋውቀኝ። ስንት ሰው ገደለ?"

"አልቆጠርኩም።"

"ገብስ ያጨደ ሰው ነዶውን ይቆጥራል እኮ።"

"ጋሼ፣ ግጥም እኮ ነው…"

"ግጥም መሆኑንማ ሰማሁ። ያማረ ነው። ያስፈራኝ ማማሩ ነው።"

ከመንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ሥራቸውን ነገሩኝ። ቦታው የት እንደሆነ አልነገሩኝም፤ ሞቃት ቆላ መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው። አንድ ቀን በጉዞ ላይ ሳሉ የመድፍ ፍንጣሪ ቦቴውን ሁለት ቦታ ይወጋዋል። ውሃው ይንዠቀዠቅ ጀመር። ወረዱና የልብስ ሳሙና ከኪሳቸው አውጥተው፣ በመዳፋቸው አለስልሰው አንዱን ቀዳዳ ደፈኑት።

"ሁለተኛውንስ?"

"በካልሲዬ።"

"በካልሲ!"

"ያን ቀን ወታደሩ ጠጥቶ ሲያበቃ፣ 'ሃምሳ አለቃ፣ ይሄ ውሃ ምነው እግር እግር አለ?' ብሎ ሳቀብኝ። ግን የሚስቅ ሰው አይሞትም፤ ሲስቁ ደስ አለኝ።"

ሲደርሱ ሰዉ ተሰልፎ ይጠብቃቸዋል። ከሰልፉ ጫፍ ላይ እጃቸው የታሰረ ምርኮኞች ተቀምጠዋል።

"ለነሱም ሰጧቸው?" አልኩ።

"የሰልፉ መጨረሻ ላይ ነበሩ። ተራቸው ሲደርስ ሰጠኋቸው።"

"የተቆጣዎት የለም?"

"በደንብ ተቆጡኝ እንጂ። ግን ውሃው ተጠጥቶ ነበር።"

ፈርተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "በየቀኑ" አሉኝ። "ሳልፈራ የነዳሁበት ቀን ካለ፣ እንቅልፍ ይዞኝ የነዳሁበት ነው።" ከዚያ ሣር ነቅለው በጥርሳቸው ያዙ። "አንድ ቀን ግን ዘገየሁ። ጎማ ፈነዳብኝ፤ ተለዋጩም የተበሳ ነበር። ስደርስ ሦስት ወታደር ልጆች ጥላ ሥር አስተኝተዋቸዋል። ውሃ አላስፈለጋቸውም። ትናንት አንተ አጨደ፣ ከመረ ስትል ማንን ያየሁ ይመስልሃል?"

ሣሩን ከአፋቸው አውጥተው ጣሉት።

"ነገ ስሞት አገሩ እንደልማዱ ያለቅስ፤ አልከለክልም" አሉ እየተነሡ። "ያ ግጥም ግን ሬሳዬ ላይ አይባል። ያወጣኸው አንተ ነህ፤ አንተው መልሰው።"

"እመልሰዋለሁ፣ ጋሼ።"

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ግጥም የሚመለስ መስሎኝ ነበር።

አልተመለሰም። በዚያው ዓመት ሰርግ ላይ ሰማሁት። በጥምቀት ጎረምሶች ዱላ እየሰበቁ ሲጨፍሩበት አየሁ። ሞላሌ ገበያ በግ የሚሸጥ አንድ ሰውዬ እየለፈለፈው አገኘሁና ማን እንደገጠመው ብጠይቀው፣ "የድሮ ነው፤ አባቴም ይለው ነበር" አለኝ። እኔ ነኝ የገጠምኩት ስለው ከእግር እስከ ራሴ አየኝና "በል በግ ካልገዛህ አታስቁመኝ" አለኝ።

እውነቱን መናገሩም አልጠቀመኝም። "አጎቴ እኮ የቦቴ ሾፌር ነበሩ" ስል፣ "አየህ፣ እውነተኛ ጀግና ሥራውን ይደብቃል" ይሉኛል። እሳቸው ራሳቸው ሲናገሩት ደግሞ "ትሕትናቸው!" ተብሎ ይደነቃል። ሁለታችንም ባስተባበልን ቁጥር የገደሉት ሰው ይጨምር ጀመር። አሁን ሳስበው ይገባኛል። በኛ አገር ውሃ የምትቀዳ ሴት ናት። ወንድ ጀሪካን ይዞ ምንጭ ቢወርድ እንኳ ግራ ቀኙን አይቶ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ያመላለሰን ወታደር አገሩ ምን ብሎ ይጥራው? ስም አልነበረውም። እኔ ደግሞ ስም ሰጠኋቸው፤ ያውም ቤት የሚመታ።

አጎቴ ግን ግራ ቀኝ ሳያዩ ነበር ምንጭ የሚወርዱት። መጀመሪያ ሰሞን ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁባቸው። ከዚያ ጋሼ ለጀሪካኖቹ ተራ አወጡ። ነፍሰ ጡርና አራስ ፊት፣ አሮጊት ቀጥሎ፣ ከሩቅ የመጣች ቀጥሎ፣ የራሳቸው ጀሪካን ከሁሉ ኋላ። በበጋ ምንጩ ሲቀጥን ሴት ለሴት በፀጉር ይያያዙበት የነበረው ጠብ በዚያው ቀረ። ከሩቅ ሲያዩዋቸው "ተሰለፉ! ሃምሳ አለቃ መጡ!" ብለው እያሾፉ እንደ ወታደር ቀጥ ይሉላቸዋል፤ እሳቸውም "አሳርፍ!" ይሏቸዋል። ክረምት ላይ ምንጩ ሲደፈርስ፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገብተው ጭቃውን ሲያወጡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቅዝቃዜው እግራቸውን እስኪያቆስለው። የመሐል ሜዳ ሾፌሮች ሚኒባሳቸው ፍሬን ሲያስቸግር "ጋሼን ጥሩልን" ይሉ ነበር፤ ይሄዳሉ፣ ይጠግናሉ፣ በእግራቸው ይመለሳሉ።

ባለፈው ዓመት፣ አዝመራው ተሰብስቦ ሲያበቃ፣ ሦስት ሳምንት ታመው ተኙ። ከራስጌያቸው ተቀምጬ ሦስቱን ሳምንት አዲስ ስንኝ ስሠራ ሰነበትኩ። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያዩኛል። "ደረሰልህ?" አሉኝ አንድ ጠዋት። "አልደረሰም" አልኳቸው። "እንግዲህ እኔ ብዙ አልቆይልህም" አሉና ፈገግ አሉ። በአራተኛው ቀን ዐረፉ።

በኛ አገር ለቅሶ የሟቹ ልብስና መሣሪያ በሰው እጅ ተይዞ በለቀስተኛው መሐል ይዞራል። ታናሽ ወንድማቸው፣ ሌላው አጎቴ ማለት ነው፣ የወታደር ኮታቸውን በአንድ ክንዱ፣ ምንሽር ጠመንጃ በሌላው ይዞ ብቅ አለ።

"ይሄ ጠመንጃ የማን ነው?" አልኩት ወደ ጆሮው ተጠግቼ።

"የጎረቤት። ተውሼ ነው።"

"ጋሼ ጠመንጃ አልነበራቸውም እኮ።"

"ስለሌለው አይደል የተዋስኩለት! ወንድሜን ባዶ እጁን ልሸኘው?"

አይኑ ደም መስሏል። ከልቡ ነበር።

አልቃሿ ከማዶ ደብር የመጡ ባልቴት ናቸው። ድምፃቸው የጎረነነ ነው፤ ሲጀምሩ ግን ጀርባ ይቀዘቅዛል። ስለ እናት አወጡ፣ ስለ እህት አወጡ፣ እናቴ ደረቷን መታች። ከዚያ ወደ ኮቱና ወደ ጠመንጃው ዘወር አሉና፣

ጠላት እንደ ገብስ አጭዶ የከመረ…

ምንሽሩ ከፍ አለ። ወንዱ አገሳ። እኔ በሕዝቡ መሐል ቆሜ የራሴ ስንኝ በአስከሬኑ ላይ ሲወርድ ሰማሁ። ለቅሶ ላይ ግጥም ያለው ሰው ሁሉ ወደ መሐል ገብቶ መናገር ይችላል፤ አልቃሿ ትቀበለዋለች። ይህን አውቃለሁ። እግሬ ግን እምቢ አለኝ። ሰዎቹ ተደስተው፣ አዝነው፣ ኮርተው አየኋቸው፤ ማን ነኝና ነው የማበላሽባቸው? አንድ ጊዜ አሳለፍኩት። እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያ ሲያምር ሰምቼው አላውቅም።

ባልቴቷ ሊደግሙት ትንፋሽ ሲስቡ ገባሁ። ድምፄ እንደ ጎረምሳ ተሰነጠቀ፦

አልገደለም እሱ፣ አላስለቀሰም ሰው፤
የተጠማውን ነው ከሞት የመለሰው።

የኮቱ ቁልፎች ከምንሽሩ ጋር ሲጋጩ እንኳ ይሰማ ነበር። ታናሽ አጎቴ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ፊቱ ጠቆረ።

"ምን ነካህ አንተ? ወንድሜን ውሃ ቀጂ አደረግኸው? በሬሳው ላይ?"

"ቀድተዋል" አልኩ።

"ዝም በል!"

"ለምን ዝም ይላል?" አለች አንዲት ሴት ከወዲያ ማዶ። ምንጭ ላይ የማውቃት፣ አራት ልጆች ያሏት ጎረቤታችን ናት። "ቢቀዱስ! ለኔ ቀድተውልኛል! ነፍሰ ጡር ሆኜ ጀሪካኔን ዳገቱ ጫፍ ድረስ ያወጡልኝ እሳቸው አይደሉም? ያኔ አንተ የት ነበርክ፣ ጠመንጃ ልትዋስ ሄደህ ነበር?"

ሌላዋም ቀጠለች፣ ሦስተኛዋም። ሴቶቹ እያለቀሱ ይጮኹ ስለነበር የሚሉት አልተለየም፤ ስንኙ ግን በመሐሉ ይሰማ ጀመር። አንዷ ጀመረችው፣ ሁለተኛዋ ጨረሰችው። ባልቴቷ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጥቂት አዳመጡና ያንን ጎርናና ድምፅ አነሡ፦ "የተጠማውን ነው…"። የዚያን ጊዜ አነባሁ። ወንዶቹ ዘግይተው ተቀበሉ። ታናሽ አጎቴ ምንሽሩን ቁልቁል አድርጎ ቆመ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ግጥሙን ይበል ይስደበኝ አላወቅኩም።

ከቀብር መልስ ንፍሮ ሲበላ ባልቴቷ በጣታቸው ጠሩኝ።

"የውሃው ግጥም ያንተ ነው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"የገብሱስ?"

"እሱም የኔ ነው።"

ንፍሯቸውን እያላመጡ አሰቡ። "የገብሱ ይበልጣል" አሉኝ።

"ግን ውሸት ነው።"

"እውነት ነው አላልኩህም። ይበልጣል ነው ያልኩህ። ቀጥሎ ደግሞ፣ 'አላስለቀሰም ሰው' አልክ። እስቲ ዘወር ብለህ እይ።"

ዘወር አልኩ። አጥሩን ተደግፎ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አይኑ አብጧል። ሴቶቹ ድምፃቸው ተዘግቶ በእጅ ይነጋገራሉ።

"ይሄን ሁሉ ሕዝብ ያስለቀሰው ታዲያ ማነው?" አሉኝ። "አንዱን ውሸት በሌላ ውሸት ነው የቀየርከው። ለሙት ዓመቱ እመጣለሁ፤ አስተካክለህ ጠብቀኝ።"

ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሁለት ወር ቀርቶታል። ያንን ስንኝ ስንት ጊዜ እንዳፈረስኩት ቁጥሩን አላውቀውም። ቤቱ ሲመታልኝ እሳቸውን አይመስልም፤ እሳቸውን ሲመስል ያነክሳል። ታናሽ አጎቴ ከለቅሶው ጀምሮ ከሰላምታ በቀር አናግሮኝ አያውቅም ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ በገብሱ ማሳ ዳር እየተመላለስኩ ቃላቱን በጣቴ ስቆጥር፣ ሞፈሩን ተሸክሞ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆመ።

"አሁንም እሱን ነው?"

"እሱን ነው።"

"አልሆነልህም?"

"አልሆነልኝም።"

ሞፈሩን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። ወደኔ ሳይሆን ወደ ማሳው እያየ፣ "'ወንድሙን አስለቀሰ' ብለህ ጀምረው" አለኝና መንገዱን ቀጠለ።